«እኔ» ጠፋ ሲባል የጠፋው የትኛው ነው?

በየሃይማኖቱ በጸሎትና በተመስጦ ርቀው የሄዱ ሰዎች የሚናገሩት አንድ የጋራ ነገር አለ። ለጥቂት ጊዜ «እኔ» የሚባለው ጠፋ፤ ማየቱና መስማቱ ግን አልቆመም ይላሉ። ይህን የሰማ ሰው ያንኑ ለማግኘት ይቀመጣል፤ ብዙውም ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ይደክማል። ድካሙ ከስንፍና የሚመጣ አይመስለኝም። «እኔነት ጠፋ» በሚለው አንድ አባባል ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። መንገዳቸውም አደጋቸውም ለየቅል ነው። ብዙው ጣጣ የሚጀምረው አንዱን ያገኘ ሰው ሦስቱንም ያገኘ ሲመስለው ነው።

የመጀመሪያው የአካል ድንበር መደብዘዝ ነው። ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ትኩረቱን በአንድ ነገር ላይ ያጸና ሰው እጁ የት አልቆ ጭኑ የት እንደሚጀምር መለየት ያቅተዋል። ሰውነቱ የሰፋ፣ የቀለለ ወይም ጨርሶ የሌለ ይመስለዋል። አንጎል የሰውነታችንን ቅርጽ የሚያውቀው ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ በየቅጽበቱ በሚደርሰው መልእክት ነው፤ እንቅስቃሴ ሲቆም መልእክቱ ይሳሳል፣ ሥዕሉም ይደበዝዛል። በ1998 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ሥዕል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚለወጥ በጎማ እጅ አሳይተዋል። የሰውየውን እጅ በመከለያ ሰውረው፣ ከፊቱ የጎማ እጅ አስቀምጠው፣ ሁለቱን እኩል በብሩሽ ሲነካኩ ሰውየው ብሩሹ የሚሰማው በጎማው ላይ ይመስለው ጀመር። «ይህ አካል የእኔ ነው» የሚለው ስሜት ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህም ሊላላ ይችላል። ሲላላ ደስ ይላል። ከመቀመጫው ተነሥቶ በአንዲት ቃል የሚቆጣው ሰው ግን ያው የቀድሞው ነው።

ሁለተኛው የውስጥ ትረካ ዝም ማለት ነው። «እንዲህ ተባልኩ፣ ነገ እንዲህ እመልሳለሁ፣ እኔ እኮ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ» እያለ ሳያቋርጥ የሚያወራው ድምፅ ለጊዜው ይቆማል። በ2001 ማርከስ ሬክልና ባልደረቦቹ፣ ሰው የተለየ ሥራ ሳይሰጠው ሲቀር ይበልጥ የሚሠሩ የአንጎል ክፍሎች እንዳሉ ጽፈዋል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ስለ ራስ ከማሰብና ያለፈን ከማስታወስ ጋር የተያያዙ ናቸው። በ2011 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ልምድ ባላቸው ተመስጦ አድራጊዎች ዘንድ ከእነዚህ ክፍሎች ዋና ዋናዎቹ ሥራቸው ቀንሶ አግኝተዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትረካው ከባድ ስሌት ላይ ባተኮረ ወይም በሩጫ በተጠመደ ሰው ዘንድም ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ብቻውን ስለ «እኔ» ምንም አያስተምርም። የሚያስተምረው ትረካው ተመልሶ ሲጀምር እንዴት እንደሚጀምር ማየት ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱም የጠለቀ ነው፤ የተመልካችነትና የአድራጊነት ስሜት መፍረስ። አካሉ በቦታው ሊሰማ ይችላል፤ ሐሳብም ሊመጣና ሊሄድ ይችላል። ከሁሉ ኋላ ተቀምጦ «የማየው እኔ ነኝ፣ የማስበውም እኔ ነኝ» የሚለው ግን ሲፈለግ አይገኝም። ድምፅ ይሰማል፤ ሰሚ ተብሎ ለብቻው የሚጠቆም ነገር የለም። የጥንቶቹ መምህራን ብዙ የደከሙበት ይህኛው ነው። በልዩ የደስታ ሰዓት ብቻ ሳይሆን እየሄዱም፣ እየሠሩም፣ እየታመሙም ሊታይ የሚችለውም ይኸው ነው።

በቡድሃ ትምህርት ይህ ነገር በማስረጃ ተጀመረ። ቡድሃ በሳርናት ለአምስት መነኮሳት በሰጠው ሁለተኛ ስብከት ሰውን በአምስት ከፈለው፤ አካል፣ ደስታና ሕመም መሰማት፣ ነገርን መለየት፣ የሐሳብና የፈቃድ ግፊቶች፣ ንቃተ ኅሊና። ከዚያም ስለ እያንዳንዱ አንድ ዓይነት ጥያቄ አነሣ። ይህ በእውነት የእኔ ቢሆን ኖሮ «እንዲህ ሁን፣ እንዲያ አትሁን» ብዬ ማዘዝ አልችልም ነበር? አካል ሳያስፈቅድ ይታመማል፤ ሐሳብ ሳይጠራ ይመጣል። ልብ በሉ፣ ንቃተ ኅሊናም ከአምስቱ አንዱ ነው። «ሐሳቤን አይደለሁም፣ ሐሳቤን የማየው ንቃት ነኝ» ብሎ መቆም በዚህ ትምህርት ግማሽ መንገድ ነው።

የቡድሃ ትምህርት አድቫይታ ከሚባለው የሂንዱ ትምህርት ጋር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። የአድቫይታው መምህር ራማና ማሃርሺ በ1896 በሕንድ፣ በማዱራይ ከተማ፣ በ16 ዓመቱ፣ ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። ወለል ላይ እንደ ሬሳ ተዘርግቶ «የሚሞተው ምንድን ነው?» ብሎ መረመረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ አሩናቻላ ተራራ ሄደ፤ በ1950 እስኪያርፍም ከዚያ አልተለየም። ያስተማረው ዘዴ አጭር ነው። ሐሳብ ሲመጣ «ይህ የመጣው ለማን ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ «ለእኔ» የሚል ስሜት ይነሣል፤ ወዲያው «እኔ ማን ነኝ?» ብለህ ትኩረትህን ወደዚያ ስሜት ምንጭ መልስ። ጥያቄው እንደ ዳዊት የሚደገም አይደለም፤ በቃልም መልስ አይጠበቅበትም። ትንሹ «እኔ» ሲወድቅ የሚቀረው እውነተኛው ራስ ነው ይላል አድቫይታ። ቡድሂዝም የሚቀር ራስ አለ አይልም። ሁለቱን «ያው አንድ ናቸው» ብሎ ማስታረቅ ለሁለቱም አክብሮት የጎደለው ይመስለኛል፤ ለሺህ ዓመታት የተከራከሩት በቃል ብቻ አልነበረም።

በክርስትና ነገሩ መሠረቱ ሌላ ነው። ራስን መካድ ሰውን ማጥፋት አይደለም፤ ሰውየው በእግዚአብሔር ፊት ይቆማል፤ የሚወድቀው ራሱን ማዕከል ያደረገበት ዙፋን ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስ «ራሱን ባዶ አደረገ» ይላል፤ ባዶ መሆኑ የፍቅር ሥራ እንጂ የመጥፋት ልምምድ አይደለም። የግብጽ በረሃ መነኮሳት ግን ይህን ወደ ዕለታዊ ሥራ አወረዱት። በ399 ያረፈው ኤቫግሪዮስ የሐሳቦችን ዝርዝር ሠርቷል፤ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ገንዘብ መውደድ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ መሰልቸት፣ ከንቱ ውዳሴ፣ ትዕቢት። መነኩሴው የትኛው ሐሳብ መቼ እንደሚበረታ፣ የትኛው የትኛውን ተከትሎ እንደሚመጣ እንዲመዘግብ ያዝዛል። የዝርዝሩ የመጨረሻ ሁለቱ ለርእሳችን ቁልፍ ናቸው። ከንቱ ውዳሴ የሚመጣው ሌሎቹ ሲሸነፉ ነው፤ ድሉ ራሱ ምግቡ ነው። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ማር ይስሐቅም ከዚሁ በመነሣት ትሕትናን ከተአምርና ከራእይ በላይ ያስቀምጣል።

ሱፊዎች ፈናእ የሚሉት መጥፋት ብቻውን አይቆምም፤ በቃእ፣ ማለትም በአላህ ጸንቶ መኖር፣ ይከተለዋል። ባያዚድ ቢስታሚ በመንፈሳዊ ስካሩ በተናገራቸው ቃላት ይታወቃል። ሐላጅም «እኔ ሐቅ ነኝ» የሚለው ንግግሩ ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሐቅ ከአላህ ስሞች አንዱ ነውና፤ በ922 በባግዳድ በሞት ተቀጣ። የባግዳዱ ጁነይድ ግን ከስካሩ ይልቅ ሰሐውን፣ ማለትም ከስካር ነቅቶ መመለስን፣ አበለጠ። ጠፍቶ የቀረ ሰው ገና መንገዱን አልጨረሰም፤ ወደ ሕጉ፣ ወደ ሶላቱ፣ ወደ ሰዎች ጉዳይ በንቃት የተመለሰው ነው የበሰለው። በእኔ ግምት ከሁሉም ወጎች ለዛሬ አንባቢ የሚጠቅመው ይህ የጁነይድ ሚዛን ነው።

ወደ ልምምዱ እንግባ። ከዚህ በታች ያለው ከቡድሂዝምና ከአድቫይታ የተውጣጣ ቢሆንም ማንኛውም ሰው እምነቱን ሳይለውጥ ሊመረምርበት የሚችል ነው።

ለ30 ደቂቃ ተቀመጡ። ወንበር ይበቃል፤ ጀርባ ቀጥ ይበል፣ ግን አይገተር፤ እግር መሬት ይንካ፤ ዓይን በከፊል ተከፍቶ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ይረፍ። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ለመርጋት ብቻ ስጡ። የበርማው መምህር ማሃሲ ሳያዶ እንዳስተማረው ሆድ በትንፋሽ ሲነፋ «ተነሣ»፣ ሲሟሽሽ «ወረደ» ብሎ በልብ መሰየም በቂ ነው፤ ስያሜው ሹክሹክታ ያህል ይሁን፣ ትኩረቱ ስሜቱ ላይ ይረፍ። ይህን እርከን የሚዘሉ ሰዎች ቀጣዩን በሐሳብ ብቻ ይሠሩታል፤ ፍልስፍና ይሆንባቸዋል።

ቀጥሎ ድምፅ ጠብቁ፤ ማንኛውም ድምፅ። መጀመሪያ ድምፁ አለ። ከዚያ ስሙ ይመጣል፤ በር ነው፣ ወፍ ናት። ከዚያ ነው «ሰማሁ» የሚለው የሚከተለው፤ ከእሱም ኋላ «ምነው ባልረበሸኝ»። የመጀመሪያው ሲከሠት «እኔ» ገና አልደረሰም። ይህን ቅደም ተከተል በአንድ መቀመጥ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ በግልጽ ማየት ብዙ ነው። ድምፅ ከሌለ በቆዳ ማሳከክ መሥራት ይቻላል፤ ማሳከኩ፣ ከዚያ አለመውደዱ፣ ከዚያ «እከከኝ» የሚለው ግፊት፣ ከዚያ «አሳከከኝ» የሚለው ባለቤት።

ከዚያ ተመልካቹን ፈልጉ። ብዙ ሰው «እኔ የምመለከተው ከዚህ ነው» የሚለው ከዓይን ኋላ፣ ከጭንቅላት መሃል ነው፤ አንዳንዱ ከደረቱ። ትኩረታችሁን ወደዚያ ቦታ መልሱ። የምታገኙት በዓይን ዙሪያ ትንሽ ውጥረት፣ በግንባር ላይ ጫና፣ በጉሮሮ መጨነቅ ይሆናል። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ይህ ውጥረት የሚያይ ነው ወይስ የሚታይ? የሚታይ ከሆነ ተመልካቹ እሱ አይደለም። ሌላ ቦታ የሸሸ ይመስላል፤ እዚያም ተከተሉት። መፈለጉ በየተራው ከጥቂት ሴኮንዶች አይብለጥ፤ ከዚያ እረፉና ወደ ሆድ ተመለሱ። የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ምንም ሳትፈልጉ ቁጭ በሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ግልጽ የሚሆነው በፍለጋው ሳይሆን በዚህ እረፍት ውስጥ ነው፤ ለምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ ፈላጊው ራሱ ውጥረት ስለሆነ ነው።

አድራጊውን ለማየት ደግሞ መራመድ ይሻላል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት እርምጃ በምታህል ቦታ ላይ በዝግታ ተመላለሱ። እግር ከመነሣቱ በፊት አንዲት ትንሽ የመነሣት ግፊት አለች። እሷን ያዙ። እሷን ማን አመጣት? ራሷ ስትመጣ የምትገኝበት ጊዜ አለ። በማሃሲ ገዳማት አንድ ሰዓት መቀመጥና አንድ ሰዓት መራመድ የሚፈራረቁት ለእግር እረፍት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ የሚያሳዩት ነገር የተለያየ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የምርመራ ሰዓት ግን ከመቀመጫ ውጭ ነው። ጌሉግ የተባለው የቲቤት ቡድሂዝም ወግ መምህራን ከመሥራቹ ከጾንግካፓ (1357–1419) ወዲህ አንድ ነገር ያጠብቃሉ፤ የምታፈርሰውን «እኔ» በመጀመሪያ በሙሉ ጉልበቱ ቆሞ ሳታየው አትጀምር። ለዚህም የሚሰጡት ምሳሌ ያለ ጥፋቱ «ሌባ» የተባለን ሰው ነው። በዚያች ቅጽበት ከደረት የሚነሣው «እኔ!» ከአካልም ከሐሳብም የተለየ፣ በራሱ የቆመ፣ የተደፈረ አንድ ነገር ሆኖ ይሰማል። መመርመር ያለበት እሱ ነው። በሰላም ሰዓት ለስላሳውን «እኔ» አፍርሶ ደስ መሰኘት ይቀላል፤ ያ ግን የሚጎዳን «እኔ» አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው ሲወቅሳችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆዩ፤ በደረት ያለውን ግለት፣ በመንጋጋ ያለውን ንክሻ እዩ፤ የተጎዳው የት እንደተቀመጠ ፈልጉ። አለማግኘት ይቻላል። ከዚያ በኋላ መልስ መስጠት አይከለከልም፤ እውነት መናገርም ይገባል፤ የሚቀረው መቀጣጠሉ ነው።

አሁን ወደሚበላሽበት እንምጣ፤ መንገዱ ሰፊ ነው።

በጣም የተለመደው ድንዛዜን ከእኔነት መጥፋት ጋር ማምታታት ነው። ሰውየው 40 ደቂቃ ተቀምጦ «ምንም አልነበረም፣ እኔም አልነበርኩም» ይላል። መለያው ቀላል ነው። አገጭ ወደ ደረት ወርዶ ነበር? የሕልም ቅንጥብጣቢ አልፏል? በመካከል የተሰማ ድምፅ ትዝ ይላል? ትዝ የማይል ከሆነ እንቅልፍ ነው። ተመልካቹ ሲፈርስ ነገሮች ይበልጥ ይጠራሉ እንጂ አይጨልሙም። መድኃኒቱ ዓይንን መክፈት፣ መቆም፣ ሌሊት በቂ መተኛት ነው፤ እንቅልፍ በመቀነስ የመንፈስ ከፍታ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቅዠት ነው።

ሁለተኛው በግንባር መፈለግ ነው። ተመልካቹን በዓይን ጡንቻ ሲያሳድዱ ከሳምንት በኋላ ራስ ምታትና በቅንድብ መካከል የማይለቅ ጫና ይመጣል። አንዳንዱ ይህን ጫና መንፈሳዊ ምልክት ያደርገዋል። ምልክትነቱ ለድካም ነው፤ ለጥቂት ቀናት ምርመራውን ትቶ መራመድና ትንፋሽ ላይ ብቻ መቆየት ይፈታዋል።

ሦስተኛው ይረቅቃል፤ ምስክር ሆኖ መቅረት። ሰውየው ከቁጣው ይለያል፣ ከሐዘኑ ይለያል፣ ሁሉን ከሩቅ የሚያይ ቀዝቃዛ ተመልካች ይሆናል። ለጊዜው ይጠቅማል። ሲጸና ግን ርቀቱ ራሱ አዲስ «እኔ» ይሆናል፤ ቤተሰቡ ሲያለቅስ «እየተመለከትኩት ነው» የሚል ሰው ይወጣዋል። ይህን ከራስ ወዳድነት መላቀቅ ማለት አይቻልም። የምርመራውን ጥያቄ በምስክሩ ላይ ማዞር ያስፈልጋል፤ ይህን ርቀት የሚያየው ማን ነው?

ከዚያ የኤቫግሪዮስ ሰባተኛው ሐሳብ አለ። «እኔነቴ ጠፋ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው። ልምዱ በተከሠተ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሴኮንድ «አገኘሁት!» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ይህ የማይቀር ነው፣ አያሳፍርም። «ሐሳብ» ብሎ ሰይሞ ማለፍ ነው። የሚያሳስበው ለሌላው ሲነገር ነው፤ በተለይ ማዕረግ ለማግኘት ሲነገር። በጥንቱ የቡድሂስት መነኮሳት ሕግ ያልደረሱበትን ከፍታ እያወቁ ደርሰናል ማለት ከማኅበሩ ከሚያስወጡ አራት ጥፋቶች አንዱ ነው፤ ከግድያና ከስርቆት ጋር እኩል ተቀምጧል። ያን ያህል ከባድ ያደረጉት ሰዎች የነገሩን ጉዳት አይተዋል።

በዚሁ ወግ ኬማካ ስለሚባል የታመመ መነኩሴ የተጻፈ አንድ ምስክርነት አለ። ሽማግሌ መነኮሳት ጠየቁት፤ «ከአምስቱ አንዱን እንኳ እንደ ራሴ አላየውም» አለ። ታዲያ ጨርሰሃል ሲሉት «አይደለም፤ ‹እኔ ነኝ› የሚለው ገና አለ» አላቸው። በአመድና በእበት የታጠበ ልብስ እድፉ ለቆ የማጠቢያው ሽታ እንደሚቀርበት፣ ሽታውም በጊዜ እንደሚለቅ አስረዳ። ይህ ታማኝነት ትልቅ ነገር ነው። በግልጽ ማየትና ልማዱ መልቀቁ ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ።

አደጋ የሚባለውን ደግሞ በስሙ መጥራት ይገባል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት 60 የሚሆኑ ምዕራባውያን የቡድሂስት ተመስጦ አድራጊዎችን አነጋግሮ ያጋጠሟቸውን ከባድ ነገሮች በ59 ዓይነት መድቧል፤ የራስ ስሜት መለወጥ ከሰባቱ ዐበይት ዘርፎች አንዱ ነበር። ለአንዳንዱ ነጻነት ነበር፤ ለሌላው ሽብር። ከራስ የመነጠል ሕመም የሚባለው ከውጭ ሲታይ ይመሳሰላል፤ ከውስጥ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ራሱን ከመስታወት ጀርባ እንዳለ ያያል፣ ዓለም ወረቀት ይመስለዋል፣ ፍቅርም ሐዘንም አይደርስበትም፣ በዚህም ይፈራል። በትክክለኛው መንገድ ላይ ያለ ሰው ቢደነግጥም ለሌሎች ያለው ርኅራኄ አይደርቅም። ስለዚህ ድንዛዜና ፍርሃት ከመቀመጫ ውጭ ለቀናት ከቀጠለ መቀመጡ ይቁም። «ግፋበት፣ ያልፋል» የሚል ምክር እዚህ ላይ ጨካኝ ነው። ዓይን ተከፍቶ መራመድ፣ በእጅ የሚሠራ ከባድ ሥራ፣ በቂ ምግብና እንቅልፍ፣ ከሚወዱት ሰው ጋር መሆን፤ ካልተሻለ የሥነ አእምሮ ሐኪም። የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለው፣ በቅርቡ ከባድ ሐዘን ወይም ጥቃት የደረሰበት ሰው የተመልካች ምርመራውን ያለ ልምድ ያለው መሪ ባይጀምር ይሻላል፤ ረጅም የዝምታ ሱባኤማ ጨርሶ አይመከርም።

ስለ መሪም አንድ ነገር። «የሚቃወመኝ እኔነትህ ነው» የሚለው አባባል እውነትም ወጥመድም ሊሆን ይችላል። የምለይበት መንገድ አንድ ነው፤ ከተማሪው መሸነፍ ማን ይጠቀማል? ገንዘብህን፣ አካልህን፣ ጉልበትህን ወይም ከቤተሰብህ መለየትህን ለራሱ የሚፈልግ መሪ ስለ እኔነት መጥፋት ሲያስተምር የሚጠፋው የአንተ ብቻ ነው፤ የእሱ ይወፍራል። ራሱን ገና ያላቆመ ሰው፣ «አይሆንም» ማለት የማይችል ሰው፣ የሚክደው ራስ የለውም። ለእሱ የመጀመሪያው ልምምድ እንቢ ማለት መቻል ነው።

ለወራት በትክክል የቀጠለ ሰው ምን ይጠብቅ? ቁጣ መምጣቱ አይቀርም፤ የሚያጥረው ቆይታው ነው። ሲሳሳት መካዱ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የሚከላከለው ሐውልት ቀሎለታል። የሌላ ሰው ደስታ ሲነገረው ወዲያው ወደ ራሱ ታሪክ አይዞርም። ስለ ልምዱ የሚያወራው ያንሳል። የአቪላዋ ቴሬዛ (1515–1582) ከእግዚአብሔር ጋር ስለ መዋሐድ ብዙ የጻፈች ሴት ናት፤ እኅቶቿን ግን የመዋሐዱ ፍሬ ሥራ ነው፣ ማርታና ማርያም አብረው መሄድ አለባቸው እያለች ታሳስባለች። ከላይ ያሉትን ለውጦች ባለቤቱ ራሱ በትክክል ሊመዝናቸው አይችልም፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። አብረውት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ የሚያደርገውን ልምምድ ባያውቁት እንኳ፣ በስድስት ወር ውስጥ ይበልጥ ቀርቧቸው እንደሆነ ወይም ይበልጥ ርቋቸው እንደሆነ ይናገራሉ። ርቋል ካሉ የመቀመጫውን ሰዓት ግማሽ ለእነሱ መስጠት ነው።